ከ«ኩኩሉ» እስከ ፊደል ገበታ፦ የቅድመ መደበኛ ሕፃናት ስሜታዊ፣ ማኅበራዊና የመማር ዕድገት ከሰባታሚት አንጻር

ጭምቅ ሐሳብ

ይህ ጽሑፍ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት የሚሆናቸው ሕፃናት ስሜታዊ፣ ማኅበራዊና የመማር ዕድገት በአካባቢ ጨዋታና በቤት ውስጥ ኑሮ እንዴት እንደሚገነባ ይመረምራል። በተጨማሪም ይህ ዕድገት ከዜሮ ክፍል አሠራር ጋር የት እንደሚገናኝና የት እንደሚለያይ ያሳያል። የትንተናው መነሻ በባሕር ዳር ዙሪያ የምትገኘው ሰባታሚት ናት። ጽሑፉ የአገሪቱን የትምህርት ፖሊሲ ሰነዶች፣ የሕፃናት ሥነ ልቦና ንድፈ ሐሳቦችንና በአካባቢው የታወቁ የልጆች ጨዋታዎችን አገናዝቦ ይተነትናል። የትንተናው ውጤት እንደሚያመለክተው፣ ለትምህርት ዝግጁነት መሠረት የሚሆኑት ራስን የመግዛት፣ ተራ የመጠበቅ፣ መልእክት የመያዝና ሽንፈትን የመቀበል ችሎታዎች ልጁ ወደ ክፍል ከመግባቱ በፊት በጨዋታና በመላላክ የሚለማመዳቸው ናቸው። ዜሮ ክፍል የአንደኛ ክፍል አነስተኛ ቅጂ ሲሆን ግን ይህ ሀብት ከደጅ ይቀራል።

ቁልፍ ቃላት፦ ቅድመ መደበኛ ትምህርት፣ ራስን መግዛት፣ ባህላዊ ጨዋታ፣ ዜሮ ክፍል፣ ሰባታሚት

1. መግቢያ

ባሕር ዳር ለመምህራን ትምህርት ታሪክ ቅርብ የሆነች ከተማ ናት። ዛሬ ነዋሪው በአጭሩ «ፔዳ» እያለ የሚጠራው ግቢ የአገሪቱን የትምህርት ባለሙያዎች ለማፍራት በ1965 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የፔዳጎጂ አካዳሚ የነበረበት ነው። አካዳሚው በ1992 ዓ.ም. ከፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት ጋር ተዋሕዶ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሆኗል። ከዚሁ ከተማ ወደ አዴት በሚወስደው አቅጣጫ የምትገኘው ሰባታሚት ደግሞ የከተማና የገጠር ኑሮ ጎን ለጎን የሚታይባት አካባቢ ናት። በአንድ በኩል የጥበበ ግዮን ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ በሌላ በኩል በቆሎ፣ ዳጉሳና ጤፍ የሚዘራበት ማሳ ይታያል።

እንዲህ ባለ የወሰን አካባቢ የሚያድጉ የአምስት ዓመት ልጆች አንድ ዓይነት መንገድ አይከተሉም። ወላጆቹ አቅም ያላቸው ልጅ ወደ ከተማው አፀደ ሕፃናት ይላካል። ሌላው በአቅራቢያው ባለ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዜሮ ክፍል ይገባል። ሌላው የቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ፊደል ይቆጥራል፤ ሌላው ደግሞ ጥጃ እየጠበቀና ታናሽ እኅቱን እያዘለ በቤቱ ይቆያል። እነዚህ ሁሉ ልጆች በሰባት ዓመታቸው በአንድ የአንደኛ ክፍል አግዳሚ ወንበር ላይ ይገናኛሉ። መምህሩም በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት «ይህ ልጅ ዝግጁ ነው፤ ይህኛው አይደለም» የሚል ፍርድ ይሰጣል። ይህ ፍርድ በምን መለኪያ እንደሚሰጥ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ በተሳሳተ መለኪያ «ዘገምተኛ» የተባለ ልጅ ስያሜውን ለብዙ ዓመታት ይዞት ይጓዛልና።

2. ዘዴና ወሰን

ጽሑፉ የሰነድና የንድፈ ሐሳብ ትንተና ነው። የ2002 ዓ.ም. የቅድመ ልጅነት እንክብካቤና ትምህርት የፖሊሲ ማዕቀፍና ከዚያ በኋላ የወጡ የትምህርት ፖሊሲ አቅጣጫዎች፣ በሕፃናት ዕድገት ላይ የታወቁ ጥናቶች፣ እንዲሁም በአማራ ክልል በሰፊው የሚታወቁ የልጆች ጨዋታዎች ለትንተናው ጥቅም ላይ ውለዋል። ሰባታሚት የምትታየው የከተማ ዳር የገጠር ቀበሌዎችን ሁኔታ እንደምታሳይ አብነት ነው።

3. የጽንሰ ሐሳብ ማዕቀፍ

የሕፃን ዕድገት በሦስት የተነጣጠሉ ክፍሎች የሚካሄድ አይደለም። ስሜቱን መቆጣጠር ያልቻለ ልጅ ከእኩዮቹ ጋር መጫወት ይቸግረዋል፤ ከእኩዮቹ ጋር መጫወት ያልቻለ ደግሞ በቡድን በሚሰጥ ትምህርት ላይ ልቡን መሰብሰብ ይከብደዋል። ኤሪክ ኤሪክሰን ከሦስት እስከ ስድስት ዓመት ያለውን ጊዜ ልጁ በራሱ ተነሣሽነት ነገር ለመጀመር የሚሞክርበት፣ ሙከራው ሁልጊዜ በቁጣ ከተገታ ግን የጥፋተኝነት ስሜት የሚያድርበት ጊዜ አድርጎ ይገልጸዋል። ዣን ፒያዤ በበኩሉ ከሁለት እስከ ሰባት ዓመት ያለው ልጅ አንድን ነገር በሌላ መወከል የሚጀምርበት ወቅት ላይ እንደሚገኝ አሳይቷል፤ እንጨት ፈረስ፣ ጠጠር ደግሞ በግ የሚሆነው በዚህ ዕድሜ ነው።

ለዚህ ጽሑፍ ይበልጥ የሚቀርበው የሌቭ ቪጎትስኪ ሐሳብ ነው። ቪጎትስኪ እ.ኤ.አ. በ1933 ስለ ጨዋታ ባቀረበው ትምህርት፣ ጨዋታ ልጁ የፈለገውን የሚያደርግበት ልቅ ጊዜ ሳይሆን ራሱን በፈቃዱ ለሕግ የሚያስገዛበት ጊዜ መሆኑን አስረድቷል። እናት ሆና የምትጫወት ልጅ እናት የማታደርገውን ማድረግ አትችልም፤ ይህን የሚከለክላት ደግሞ ቁጣ ሳይሆን የጨዋታው ሕግ ነው። የእርሱን መንገድ የተከተለችው የሶቪየት ተመራማሪ ማኑይሌንኮም ሕፃናት «ሳትንቀሳቀሱ ቁሙ» ተብለው ሲታዘዙ ከሚቆሙት ይልቅ በጨዋታ የዘብ ጠባቂ ሆነው ሲቆሙ ረዘም ላለ ጊዜ እንደሚታገሡ በሙከራ አረጋግጣለች።

የዛሬው ሥነ ልቦና ይህንን ችሎታ በሦስት ይከፍለዋል። እነዚህም ፈጥኖ የሚመጣን ፍላጎት መግታት፣ መረጃን በአእምሮ ይዞ መሥራት፣ እንዲሁም ሁኔታ ሲለወጥ አስተሳሰብን መለወጥ ናቸው። የአማርኛ ተናጋሪው ማኅበረሰብ ለመጀመሪያው የቆየ ስም አለው፤ «ራስን መግዛት» ይለዋል።

4. ልጁ ከቤቱ ይዞት የሚመጣው ዕውቀት

4.1 «ኩኩሉ» እና ራስን መግዛት

በድብብቆሽ ጨዋታ ፈላጊው ዐይኑን ጨፍኖ «ኩኩሉ» ይላል። ተደባቂዎቹ ገና ቦታ ካልያዙ «አልነጋም» ብለው ይመልሳሉ፤ ሲዘጋጁ «ነጋ» ይላሉ። ፈላጊው ዐይኑን የሚገልጠው ያን ጊዜ ነው። ጨዋታው ቀላል ቢመስልም ከአምስት ዓመት ልጅ የሚጠይቀው ብዙ ነው። ፈላጊው ለማየት እየጓጓ ዐይኑን ጨፍኖ መቆየት አለበት። ተደባቂው ሳቁን አፍኖ ዝም ማለት ይኖርበታል፤ ከዚህም በላይ «ፈላጊው ከቆመበት ሆኖ እኔን ያየኛል ወይ?» ብሎ በሌላ ሰው ዐይን ማየት ይጠበቅበታል። ፊቱን ብቻ ሸፍኖ የተደበቀ የሚመስለው የሦስት ዓመት ሕፃንና ከጎተራ ጀርባ ጥላውን ጭምር የሚሰውረው የስድስት ዓመት ልጅ ያላቸው ልዩነት የሌላውን ሰው እይታ የመረዳት ዕድገት ልዩነት ነው። ሕጉን የሚያስከብረውም አዋቂ ሳይሆን የእኩዮች ስብስብ ነው። አጮልቆ ያየ ልጅ «አልጫወትም» ይባላል፤ በዚህም የሕግን ትርጉም ከማንኛውም ተግሣጽ በተሻለ ይማራል።

4.2 እንቆቅልሽና ሽንፈትን መቀበል

ማታ እሳት ዳር የሚካሄደው እንቆቅልሽ የራሱ ሥርዓት አለው። ጠያቂው «እንቆቅልሽ» ሲል ተጠያቂው «ምን አውቅልህ» ብሎ ዝግጁነቱን ይገልጻል። መልሱን ያጣ ልጅ «አገር ስጠኝ» ይባላል፤ አንድ አገር ሰጥቶም የአሸናፊውን ፉከራና መልሱን ያዳምጣል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሦስት ነገሮች በአንድነት ይገኛሉ። የመጀመሪያው ተራ መጠበቅ ነው። ሁለተኛው አንድን ነገር በሌላ መመሰል ሲሆን፣ ለኋላ ንባብና የረቂቅ ሐሳብ ትምህርት በር ይከፍታል። ሦስተኛው ከስሜት ዕድገት አንጻር ዋነኛው ነው፤ ሽንፈት መልክና ወሰን ተበጅቶለታል። አገር የሰጠ ልጅ ይሸነፋል እንጂ ከክበቡ አይወጣም፤ በሚቀጥለው ተራ እርሱም ጠያቂ ይሆናል። አለማወቅን ሳያፍሩ መግለጽ የሚቻልበት ይህ መድረክ፣ ስሕተት በሳቅና በአለንጋ ከሚቀጣበት ክፍል ጋር ሲነጻጸር የትኛው ለመማር እንደሚያመች ግልጽ ነው።

4.3 እቃቃና የማኅበራዊ ሚና ልምምድ

በገልና በጭቃ የሚካሄደው የእቃቃ ጨዋታ የአዋቂዎች ኑሮ በትንሹ የሚታይበት ነው። ሕፃናቱ ቡና ያፈላሉ፣ ለቅሶ ይደርሳሉ፣ ይታረቃሉ፣ ሙሽራ ይድራሉ። ማን እናት፣ ማን እንግዳ እንደሚሆን ለመስማማት የሚያደርጉት ክርክር ራሱ ትምህርት ነው፤ ሐሳብን ማስረዳት፣ ማግባባትና መተው ይለማመዱበታልና። ያስፈራቸውንና ያሳዘናቸውን ነገር ደጋግመው በጨዋታ የሚያሳዩትም እዚህ ነው። ስለዚህ እቃቃ ለአስተዋይ መምህር የልጁን የልብ ሁኔታ የሚያሳይ መስኮት ነው።

4.4 መላላክና ኃላፊነት

ከጨዋታ ውጭ ያለው ሌላው ትምህርት ቤት መላላክ ነው። «ለእነ እትዬ ቡና ደርሷል በል፤ ስትመለስ ወንፊቱን ተቀብለህ ና» ተብሎ የተላከ የአምስት ዓመት ልጅ ሁለት ትእዛዞችን በአእምሮው ይዞ፣ በመንገድ ያገኘውን ጨዋታ አልፎ፣ በጎረቤት ደጃፍ በአክብሮት ተናግሮ መመለስ አለበት። ይህ በአእምሮ ይዞ የመሥራት ችሎታን የሚፈትን ተግባር ነው። ሮበርት ሰርፔል በዛምቢያ ገጠር ባደረገው የረጅም ጊዜ ጥናት፣ ማኅበረሰቡ ብልህ የሚለው ልጅ ፈጣን ብቻ ሳይሆን ተልኮ የሚታመን ልጅ እንደሆነ አሳይቷል። በአማራ ገጠርም «ለነገር የሚሆን ልጅ» ሲባል የሚታሰበው ከዚህ የራቀ አይደለም።

ሰርፔል ቀደም ሲል የዛምቢያንና የእንግሊዝን ልጆች ያነጻጸረበት ሙከራም ለዝግጁነት ምዘና ትልቅ ትምህርት ይሰጣል። ልጆቹ ቅርጽ አይተው እንዲሠሩ ሲጠየቁ በእርሳስና ወረቀት የእንግሊዝ ልጆች፣ በሽቦ የዛምቢያ ልጆች በለጡ፤ በሸክላ ጭቃ ግን ተቀራራቢ ሆኑ። ልዩነቱ የአእምሮ ሳይሆን የመሣሪያ ልምድ ነበር። እርሳስ ይዞ የማያውቅ የሰባታሚት ልጅ ሰው እንዲስል ታዝዞ ቢያቅተው፣ ያቃተው ማሰብ ነው ወይስ እርሳስ መያዝ የሚለው ጥያቄ ከፍርድ በፊት መመለስ አለበት።

5. ዜሮ ክፍል፦ ሐሳቡና አፈጻጸሙ

በ2002 ዓ.ም. በትምህርት፣ በጤናና በሴቶች ጉዳይ ሚኒስቴሮች ትብብር የወጣው የፖሊሲ ማዕቀፍ የወላጆችን ትምህርት፣ ከጽንስ ጀምሮ የሚሰጥ የጤናና የማነቃቃት አገልግሎትን፣ አፀደ ሕፃናትንና መደበኛ ያልሆነ የትምህርት ዝግጅትን ያካተተ ነበር። በአፈጻጸም ግን በፍጥነት የተስፋፋው በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ቅጥር ውስጥ የተከፈተው የአንድ ዓመት ዜሮ ክፍል ነው። ይህ መስፋፋት ቀድሞ አፀደ ሕፃናትን በዐይናቸው አይተው ለማያውቁ የገጠር ልጆች በር ከፍቷል፤ ሊናቅ የማይገባው ስኬት ነው። በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም ለቅድመ አንደኛ ትምህርት ሁለት ዓመት መድቧል።

ችግሩ በሩ ከተከፈተ በኋላ በውስጥ የሚሆነው ነው። ክፍሉ የአንደኛ ደረጃ ክፍል፣ ወንበሩ የትልልቆች ወንበር፣ መምህሩም ለሕፃናት ትምህርት ያልሠለጠነ በሚሆንበት ጊዜ ትምህርቱ ሰሌዳ ላይ የተጻፈን ፊደል በኅብረት እየጮኹ መድገም ብቻ ይሆናል። ሕፃኑ ዜማውን ይይዛል፤ ፊደሉን ግን ለይቶ አያውቅም። በ2002 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው የመጀመሪያ ክፍሎች የንባብ ምዘና ብዙ የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች አንድ ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ ማሳየቱ፣ ትምህርት ቤት መግባትና መማር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ያስታውሳል።

ይህንን አደጋ ነባሩ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አስቀድሞ ያወቀው መሆኑ ትኩረት ይሻል። ተማሪው ፊደልን ከግእዝ እስከ ሳብዕ በቅደም ተከተል ከቆጠረ በኋላ አቡጊዳ ይሰጠዋል። አቡጊዳ የለመደውን ቅደም ተከተል አፍርሶ ፊደላቱን በሌላ አሰላለፍ ያቀርብለታል፤ በቃል የሸመደደውና በዐይኑ የለየው ተማሪ የሚለያዩት በዚህ ነው። በዚያው ጉባኤ የቀደመው ተማሪ የኋለኛውን ያስቆጥራል። ዩኒሴፍ «ልጅ ለልጅ» በሚል ስያሜ ኢትዮጵያን ጨምሮ በስድስት አገሮች የሞከረው፣ ከፍ ያሉ ተማሪዎች ታናናሾቻቸውን በጨዋታ ለትምህርት የሚያዘጋጁበት ፕሮግራም ከዚህ ነባር ልማድ ጋር የሚገጥም ነው። ስለዚህ ነባሩ ትምህርት ከዘመናዊው የሚጋጭ ሽምደዳ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ከነቅጣቱ መቀበል ግን አይገባም።

6. ውይይት

ጨዋታ ወደ ክፍል ይግባ ሲባል ከወላጆች የሚነሣ ተቃውሞ ይኖራል። «ለመጫወትማ ሜዳው ይበቃው ነበር፤ የላክሁት ፊደል እንዲለይ ነው» የሚል አባት ሐሳቡ መሠረት አለው። ልጁን ከጥጃ ጥበቃ አንሥቶ የላከ ቤተሰብ የሚታይ ፍሬ መጠበቁ ተገቢ ነው። ከዚህም በላይ ጎረቤቱ ወደ ከተማ አፀደ ሕፃናት የላከው ልጅ በእንግሊዝኛ ሲቆጥር ይሰማል። ለዚህ አባት መልሱ ፊደልን መተው ሳይሆን ፊደልን በጨዋታ መስጠት፣ የጨዋታውንም ጥቅም በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት ነው። ቅልልቦሽ ቁጥር፣ ገበጣ መደመርና መቀነስ፣ እንቆቅልሽ የቃላት ሀብት እንደሚያስተምር ራሱ ወላጁ ተጫውቶ ያደገበት ስለሆነ ለማሳመን አይከብድም።

ሁለተኛው የልዩነት ነጥብ ዝምታ ነው። በቤት ውስጥ ጨዋ የሚባለው ልጅ በታላላቆች ፊት የማይንጠባረር፣ ሳይጠየቅ የማይናገር ነው። በክፍል ግን የሚመሰገነው እጁን አውጥቶ የሚመልስ ልጅ ነው። በቤቱ ሕግ የተመሰገነበት ጠባይ በክፍል «አይሳተፍም» ሲያሰኘው ልጁ ግራ ይጋባል። የእኩዮች ጨዋታ ይህንን ክፍተት ያጠብባል፤ በታላቅ ፊት ዝም የሚለው ልጅ በእንቆቅልሽ ክበብ ውስጥ አንደበተ ርቱዕ ነውና። መምህሩ የልጁን ንግግር መገመት ያለበት ለእርሱ በሚመልሰው ብቻ ሳይሆን ከእኩዮቹ ጋር በሚናገረው ጭምር ነው።

ሦስተኛው ነጥብ የወቅቱ ሁኔታ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል በተከሠተው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ከሥራ ውጭ ሆነዋል። በዚህ ጊዜ ያደገ ሕፃን የጎደለው የትምህርት ገጽ ብቻ አይደለም። የዕለት ሥርዓቱ ተናግቷል፤ የተኩስ ድምፅ የሰማም፣ የሚወደው ሰው የተለየውም ይኖራል። እንዲህ ያለ ልጅ ወደ ክፍል ሲመለስ ቢደነግጥ፣ ከእናቱ አልለይም ቢል ወይም ቢጣላ ባለጌ ተብሎ መቀጣት አይገባውም። ቁርኝት የሚፈጥርበት የታወቀ መምህር፣ የማይለወጥ የዕለት መርሐ ግብርና ያየውን በጨዋታ የሚያወጣበት ጊዜ ከፊደል አስቀድሞ ያስፈልገዋል።

በመጨረሻም የጨዋታ ዋጋ ከአካል ጤና ተነጥሎ አይታይም። በ2011 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2019) በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶ የሚሆኑት በምግብ እጥረት ምክንያት ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚጠበቀው በታች እንደሆነ ታውቋል። ባዶ ሆዱን የመጣ ልጅ አይጫወትም፤ ልቡም አይሰበሰብም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከአጋሮቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡት የሕፃናት እንክብካቤ ማዕቀፍ ጤናን፣ ምግብን፣ ለልጁ ስሜት ምላሽ መስጠትን፣ ደኅንነትንና የመጀመሪያ ትምህርትን አንድ ላይ ያስተሳሰረው በዚህ ምክንያት ነው።

የዚህ ሁሉ ጥቅም ዘለቄታ ያለው መሆኑን የሚያሳየው በአሜሪካ ሚሺጋን እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በ123 ድኻ ሕፃናት ላይ የተደረገው የፔሪ ጥናት ነው። የቅድመ መደበኛ ትምህርት ያገኙት ልጆች በአእምሮ ፈተና ያሳዩት ብልጫ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጠፋ። በአርባ ዓመታቸው ሲታዩ ግን ካላገኙት ይልቅ ሥራ የያዙት በዝተው፣ በወንጀል የተያዙት አንሰው ተገኙ። ጸንቶ የቆየው በፈተና ከሚለካው ይልቅ ከጠባይና ራስን ከመግዛት ጋር የተያያዘው ፍሬ ነበር።

7. ማጠቃለያና የመፍትሔ ሐሳቦች

የሰባታሚት ልጅ ወደ ትምህርት ቤት የሚመጣው ባዶውን አይደለም። በድብብቆሽ ራሱን መግዛትን፣ በእንቆቅልሽ ሽንፈትን መቀበልን፣ በእቃቃ መግባባትን፣ በመላላክ ኃላፊነትን ለምዶ ይመጣል። የዜሮ ክፍል ተግባር ይህንን ሀብት ተቀብሎ ወደ ፊደልና ቁጥር ማሻገር ነው። ለዚህም የሚከተሉት ሐሳቦች ቀርበዋል።

አንደኛ፣ የዜሮ ክፍል የዕለቱ ትምህርት በአካባቢ ጨዋታ ቢጀምር፤ ጠጠር፣ ጭቃ፣ ገልና ዘር ያለ ወጪ የሚገኙ መሣሪያዎች ናቸው።

ሁለተኛ፣ ፊደል በቅደም ተከተል ከተቆጠረ በኋላ በአቡጊዳ ምሳሌ እየተበታተነ ቢቀርብ፤ ልጁም የራሱን ስም መጀመሪያ ፊደል ከሌሎች መካከል እንዲፈልግ ቢደረግ።

ሦስተኛ፣ የከፍተኛ ክፍል ተማሪዎች በሳምንት የተወሰነ ጊዜ ታናናሾቻቸውን በጨዋታ እንዲያግዙ፣ ተረት ዐዋቂ አረጋውያንም ወደ ክፍል እንዲጋበዙ ቢደረግ።

አራተኛ፣ የአንደኛ ክፍል ዝግጁነት ሲመዘን እርሳስ ከመያዝና ፊደል ከመጥራት ጋር መልእክት ማድረስ፣ ተራ መጠበቅና ከእኩያ ጋር መግባባት ቢካተቱ።

አምስተኛ፣ ትምህርት ተቋርጦ ሲመለስ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ለፈተናና ለማካካሻ ሳይሆን ለመረጋጋትና ለጨዋታ ቢውሉ።

እነዚህን ለመፈጸም አዲስ ሕንፃ መጠበቅ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው መምህሩ በዕረፍት ሰዓት ከክፍሉ ውጭ የሚሰማውን «ኩኩሉ» እንደ ጫጫታ ሳይሆን እንደ ትምህርት ማዳመጥ መጀመሩ ነው።